የጭሮ ሰገነትና የብረት ጥላ ሒሳብ

በአዲስ አበባ–ሐረር መንገድ ላይ፣ ምሳ ፈላጊ መንገደኛ በማይጠፋባት በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ፎቅ ሠርቶ ሰገነቱን ባዶ የሚተው ባለሆቴል ከሳሪ ነው። ቦታው ተከፍሎበታል፤ የጎደለው ጥላ ብቻ ነው።

ጥላው ከብረት ይሠራ ሲባል ግን ሒሳቡ ወደ ዶላር ይዞራል። የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በውጭ ምንዛሪ በሚገባ ጥሬ ብረት ነው። ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የሚገርመው፣ ከጅቡቲ በባቡር የሚጫን ብረት በጭሮ ደጅ፣ በሚኤሶ በኩል ያልፋል፤ ከአዲስ አበባ ቱቦላሬ ሆኖ ሲመለስ ግን በጭነት መኪና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የሂርናና የገለምሶ ገዢም ይህንኑ ይከፍላል።

ዋጋው ሲያስደነግጥ ስስ ብረት መግዛት ያምራል። አያዋጣም። ውፍረቱን ከ1.5 ወደ 2 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ክብደቱን በሲሶ ገደማ ይጨምራል፤ የበያጁና የቀለም ቀቢው ሒሳብ ግን ያው ነው። ስሱ ብረት ብየዳ ላይ ይበሳል፣ ዝገትም ቶሎ ይጨርሰዋል። ቁጠባ ካስፈለገ ከጌጡ ይቀነስ። ቋሚዎቹ ከሕንፃው ኮለን ጋር ይታሰሩ፤ ሶሌታውን በስቶ የተተከለ ቋሚ የክረምቱን ዝናብ ወደ ታችኛው ክፍል ያስገባል፣ ያኔ የሚቀረው የአልጋ ኪራዩ ነው።