ሙቀቱ ሳይቀድመን፦ የቤት ፊልሞቻችንን ከዲስክ ወደ ኮምፒውተር

የቪዲዮ ካሴት ዘመን ካበቃ በኋላ በየቤታችን የቴሌቪዥን ሣጥን ሥር ተደርድራ የኖረችው ያቺ የምታብለጨልጭ ክብ ዲስክ ናት። ሠርጉ፣ ምርቃቱ፣ ክርስትናው፣ ተዝካሩ፣ የጥምቀቱ በዓል ሁሉ በቪሲዲ፣ ኋላም በዲቪዲ ላይ ተቀረጸ። የአማርኛ ፊልሞቻችንም ሆኑ ከውጭ የመጡት ወደ ቤታችን የገቡት በዚሁ መንገድ ነበር። ዛሬ ግን ማጫወቻዎቹ ከገበያ እየጠፉ ነው፤ አዳዲሶቹ ላፕቶፖችም አብዛኞቹ የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም። ዲስኮቹ በዝምታ ማርጀታቸውን ቀጥለዋል።

በእኛ እምነት እንዲህ ያለ ስብስብ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ነገ ዛሬ ሳይል ወደ ኮምፒውተር ሊገለብጠው ይገባል። ለመተማ ዮሐንስ፣ ለገንዳ ውኃ፣ ለቋራና በአጠቃላይ ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ነዋሪ ደግሞ ጉዳዩ ከደጋው ሰው ይልቅ አጣዳፊ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ዲስኩ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለት ዓይነት ዲስክ፣ ሁለት ዓይነት ዕድሜ

በመልክ የሚመሳሰሉ ዲስኮች በውስጣቸው በእጅጉ ይለያያሉ። በፋብሪካ የታተመ ዲስክ ፖሊካርቦኔት በተባለ ፕላስቲክ ላይ በማተሚያ የተቀረጹ እጅግ ጥቃቅን ጉድጓዶችና በላያቸው የተለበጠ ስስ የአሉሚኒየም ንጣፍ ያሉት ነው። መረጃው የፕላስቲኩ ቅርጽ ስለሆነ ሽፋኑ እስካልተበላሸ ድረስ ለረጅም ዘመን ይቆያል። ፎቶ ቤቱ ወይም ቪዲዮ ቀራጩ በኮምፒውተር «በርን» ያደረገው ዲስክ ግን ጉድጓድ የለውም። በውስጡ ያለው የኬሚካል ቀለም ነው፤ የጨረር ብርሃን ቀለሙን በየነጥቡ ያበላሸዋል፤ የተበላሸውና ያልተበላሸው ነጥብ ልዩነትም መረጃ ሆኖ ይነበባል። ቀለም ደግሞ በሙቀትና በብርሃን ይደበዝዛል።

እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት ይገለጣል። በፋብሪካ የታተመው የውጭ ፊልም ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ይገኝለታል። የወላጆቻችን ሠርግ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ቅጂ በላይ የለውም፤ እርሱም የተቀመጠው ደካማ በሆነው በቀለም ዲስክ ላይ ነው። የማይተካው ነገር ቶሎ በሚጠፋው ዕቃ ላይ ተጽፏል ማለት ነው።

ቆላው በዲስክ ላይ የሚያደርሰው

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዲስክ አያያዝ መመሪያ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ዲስክ ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከ20 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ባለው ስፍራ እንዲቆይ ይመክራል። በመተማ በበጋው መጨረሻ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ካርቶን ውስጥ ያለው ሙቀትማ ከዚህም ሊብስ ይችላል። በኬሚስትሪ ትምህርት እንደምናውቀው፣ በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የብዙ ኬሚካላዊ ለውጦች ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ደጋ ላይ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ቀለም በቆላው በጥቂት ዓመታት ሊደበዝዝ የሚችለው ስለዚህ ነው። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ እርጥበቱ ይከተላል፤ ጠርዙ በሚገባ ያልታሸገ ዲስክ ውስጥ ሰርጎ የብረቱን ንጣፍ ይበላል። የበጋው አቧራ በበኩሉ የማጫወቻውን ሌንስ ይጋርደዋል።

ብዙዎቻችን የምንጠነቀቀው ለሚያብለጨልጨው ገጽ ብቻ ነው። በሲዲና በቪሲዲ ላይ ግን መረጃው ያለው ጽሑፍ ከሚለጠፍበት ገጽ ሥር ነው፤ የሚከላከለውም ስስ የላክ ቅብ ብቻ ነው። ስለሆነም በሹል እስክሪብቶ የሙሽሮቹን ስም መጻፍ ከታች በኩል ከሚደርስ ጭረት የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ዲቪዲ ሁለት ስስ ሰሌዳዎች ተጣብቀው የተሠራ በመሆኑ መረጃው በመካከል ይገኛል፤ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው።

እንዴት እንገልብጥ?

ዲስክ ጥቂት ሲጫር የሚነበበው የሂሳብ ውለታ ስላለበት ነው። ሪድና ሰለሞን የተባሉ ሁለት የሂሳብ ሊቃውንት በ1960 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የስሕተት ማረሚያ ዘዴ፣ በሲዲ ላይ በመስመሩ እስከ 2.5 ሚሊሜትር የሚዘልቅን ጉድለት እንኳ አስልቶ ይሞላል። ስለዚህም ዲስክ ሲጸዳ ከመካከል ወደ ጠርዝ በቀጥታ መጠረግ አለበት፤ እያዞሩ መጥረግ በመስመሩ አቅጣጫ ረጅም ጭረት ያወጣል፤ ይህም ከማረሚያው አቅም በላይ ይሆናል። ቪሲዲ ደግሞ በአንዱ ዲስክ ብዙ ፊልም ለማስገባት ሲባል በመደበኛ የመረጃ ሲዲ ላይ ያለውን ተጨማሪ የማረሚያ እርከን ትቶታል። በዚህም የ80 ደቂቃ ዲስክ 737 ሜጋባይት መያዙ ቀርቶ ወደ 837 ሜጋባይት ይይዛል። ዋጋው ግን ቪሲዲ በጥቂት ጉዳት ምስሉ የሚቆራረጥ መሆኑ ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያ በርን የተደረጉ ቪሲዲዎች፣ ቀጥሎ በርን የተደረጉ ዲቪዲዎች፣ በመጨረሻ የፋብሪካዎቹ።

ማንበቢያ የሌለው ኮምፒውተር በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ማንበቢያ ይበቃዋል። በቪሲዲው ውስጥ «ኤምፔግ ኤቪ» የሚለውን፣ በዲቪዲው ውስጥ «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚለውን አቃፊ እንዳለ መገልበጥ ነው። ፋይሉን ለማሳነስ እንደገና መጭመቅ ግን አንመክርም። የቪሲዲ ምስል ቀድሞውኑ እጅግ የተጨመቀ ስለሆነ በድጋሚ ሲጨመቅ የቀረችውንም የፊት ገጽታ ያደበዝዛታል። ቦታው ደግሞ ያን ያህል አያሳስብም፤ 60 ቪሲዲና 60 ዲቪዲ ያለው ቤት ዲስኮቹ ሁሉ ሙሉ ቢሆኑ እንኳ ከ350 ጊጋባይት እምብዛም አያልፍም፤ ባለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ሁሉንም ይይዛል። አልነበብ ያለ ዲስክ ሲያጋጥም ወዲያው ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ አንዱ ማንበቢያ ያቃተውን ሌላው ያነበዋል፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ማስነበብም ይረዳል። በቆላው ሥራውን በማለዳ ወይም በሌሊት ማካሄድ ለኮምፒውተሩም ለሃርድ ዲስኩም ይበጃል። መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ከጠረጴዛ ኮምፒውተር ይመረጣል።

«ሃርድ ዲስክስ አይበላሽም ወይ?»

ይበላሻል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም መገልበጥን መተው ሳይሆን ሁለት ጊዜ መገልበጥ ነው። አንዱ ቅጂ በቤት፣ ሌላው ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ባለ ዘመድ እጅ ይቀመጥ። ዲስኮቹም ከተገለበጡ በኋላ አይጣሉ።

ሕጉን በተመለከተ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል አገልግሎቱ ብቻ በአንድ ቅጂ ማባዛቱን በመርህ ደረጃ አይከለክልም። የባለመብቱን ጥቅም አላግባብ የሚጎዳ ቅጂ ግን አይፈቀድም። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ስለዚህ የገበያ ፊልሞችን ገልብጦ በሚሞሪና በፍላሽ እየጫኑ መሸጥ እኛ ከምንለው ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም፤ የሀገራችንን ፊልም ሠሪዎች እጅ የሚያሳጥር ተግባር ነው። የራስን ሠርግ መገልበጥ ግን ማንንም አይጎዳም።

ድንበር ላይ ያለ ሰው የሚያውቀው

ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሕዝብ በገላባትና በመተማ በኩል ተሻግሮ መጥቷል፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፍረው የነበሩ አሉ። በችኮላ የሚሰደድ ሰው ልጁንና ጥቂት ልብስ ይይዛል እንጂ ካርቶን ሙሉ ዲስክ አይሸከምም። በኪስ የምትገባ አንዲት ሃርድ ዲስክ ግን ትያዛለች። የሱዳኑ አንጋፋ ፊልም ሠሪ ጋዳላ ጉባራ በ2008 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላ፣ ሥራዎቹ በርሊን ከሚገኘው አርሴናል ከተባለው የፊልም ተቋም ጋር በተደረገ ጥረት ወደ ዲጂታል ተገልብጠዋል። ጦርነቱ ካርቱም ሲገባ የእነዚያ ፊልሞች ቅጂ ከከተማዋ ውጭ ነበር። የክልላችንም ሕዝብ ግጭትና መፈናቀል ምን እንደሆነ ከሌላ መማር የሚያስፈልገው አይደለም።

ይህ ሁሉ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ብቻ የሚተው ሸክም ሊሆን አይገባም። ማንበቢያ የሌላቸው፣ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ አረጋውያን በየመንደሩ አሉ። ዩኒቨርሲቲዎች በተለይ የኮምፒውተርና የፊዚክስ ተማሪዎቻቸው ለዕረፍት ወደየቀያቸው ሲመለሱ ጥቂት ማንበቢያና ሃርድ ዲስክ አስይዘው ቢልኳቸው፣ ወጪው ትንሽ፣ ትምህርቱ ግን ትልቅ ይሆናል። ተማሪው የስሕተት ማረሚያን ቀመር በጎረቤቱ የሠርግ ዲስክ ላይ ሲሠራ ያየዋል፤ እናቲቱም የሟች ባለቤታቸውን ድምፅ ዳግመኛ ይሰማሉ። በአንጻሩ የምስሉን ባለቤቶች ምሥጢር መጠበቅና ቅጂውን ለሌላ አሳልፎ አለመስጠት ግዴታ መሆኑን አስቀድሞ ማስተማር ይገባል።

ውድ አንባቢያን፣ የቀለም መደብዘዝ ድምፅ የለውም፤ ዲስኩ አልነበብ ባለ ዕለት ደግሞ ጊዜው ያለፈ ይሆናል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የመጪው መጋቢት ሙቀት ሳይደርስ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር እናውጣው።