የከብት አርቢዎች ማኅበርና የሕግ ልጓም

ከብት ሀብት ከሆነበት ከጥንት ዘመን ጀምሮ እረኛን ከእረኛ የሚያጣላው ነገር ሁለት ነው፤ ሣርና ውሃ። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው የአብርሃምና የሎጥ እረኞች የተጣሉት መንጋው በዝቶ ምድሪቱ ስለ ጠበበቻቸው ነበር። ያዕቆብም ወደ ካራን በሄደ ጊዜ ያገኛቸው እረኞች መንጋው ሁሉ ሳይሰበሰብ የጕድጓዱን ድንጋይ አንሥተው ለየብቻቸው እንዳያጠጡ ሥርዐት ነበራቸው። የመጀመሪያው ታሪክ ስምምነት ሲጐድል ዘመዳማቾች እንኳ እንደሚለያዩ፥ ሁለተኛው ግን ባለ ብዙ መንጋውም ባለ ጥቂቱም አንዱ ሌላውን ጠብቆ ከአንድ ውሃ ሊጠጣ እንደሚችል ያስረዳል። ስለ ከብት አርቢዎች ማኅበር የሚነገረው ነገር ሁሉ በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው።

በአሜሪካ የሚገኘው የቴክሳስና የደቡብ ምዕራብ ከብት አርቢዎች ማኅበር ለዚህ ነገር ምስክር ሆኖ ሊጠቀስ ይገባዋል። (ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1865 የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ባለቀ ጊዜ በቴክሳስ ሜዳ ቀንዳቸው የረዘመ ከብቶች ያለ አጥር ተሰማርተው እጅግ በዝተው ነበር። በሰሜን ከተሞች ግን ሥጋ ተወዶ ስለ ነበረ፥ ከ1867 ጀምሮ ከብት ነጂዎች መንጋውን በእግር እየነዱ በካንሳስ ግዛት እስከሚገኘው እስከ አቢሊን የባቡር ጣቢያ ድረስ ማድረስ ጀመሩ። የከብቱ ዋጋ ከፍ ባለ መጠን ሌባውም በዛ። ሜዳው አጥር ስላልነበረው የከብቱ ባለቤት የሚታወቀው በጋለ ብረት በተተኰሰው ምልክት ብቻ ነበር፤ ሌባውም በዚያው ምልክት ላይ ሌላ መስመር እየጨመረ የሰውን ከብት የራሱ ያደርግ ነበር። ዳኛው ሩቅ፥ ጠባቂው ጥቂት ነበረ፤ የተሰረቀው መንጋ ግን በጥቂት ቀን ከግዛት ወደ ግዛት ይሻገር ነበር።

ስለዚህ በ1877 በፌብሩዋሪ ወር 40 ያህል ባለ ከብቶች ግራሃም በምትባል ትንሽ ከተማ ተሰብስበው ማኅበር አቆሙ፤ ጄምስ ላቪንግ የተባለው ሰውም ጸሓፊ ሆነ። የተማከሩበትም ነገር ለመናገር ቀላል፥ ለመፈጸም ግን ከባድ ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሰው ከራሱ መንጋ ጋር ተቀላቅሎ ያገኘውን የሌላውን ከብት እንደ ራሱ አድርጎ ጠብቆ እንዲመልስ ነው። ቀጥሎም ከብት በሚጫንበትና በሚሸጥበት ስፍራ ምልክቱን ከመዝገብ ጋር የሚያስተያይ ተቈጣጣሪ አቆሙ። ሌባ ከብትን በሌሊት መንዳት ይችላል፤ ነገር ግን ሳይሸጥ ሊጠቀምበት አይችልምና፥ ሜዳውን ሁሉ ከመጠበቅ ይልቅ የገበያውን በር መጠበቅ ብልኀት ሆኖ ተገኘ።

ይህ ብልኀት እስከ ዛሬ ይሠራል። ማኅበሩ በ1893 ዋና ጽሕፈት ቤቱን ወደ ፎርት ዎርዝ ከተማ አዛወረ፤ በ1921ም ከጐረቤት ማኅበር ጋር ተዋሕዶ የአሁኑን ስሙን ያዘ። አባሎቹ ዛሬ ከ20,000 በላይ ናቸው። ተቈጣጣሪዎቹ ከ100 በሚበልጡ የከብት ገበያዎች እየቆሙ በዓመት በሚሊዮን የሚቈጠር ከብት ይመለከታሉ፤ 30 ያህል የሚሆኑ ልዩ ጠባቂዎችም በቴክሳስና በኦክላሆማ የከብት ስርቆትን ይመረምራሉ። በቴክሳስ ሕግ የከብት ምልክት በአውራጃ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ በየ10 ዓመቱም መዝገቡ ይታደሳል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የነዚህ ጠባቂዎች ደመወዝ ከማኅበሩ ይከፈላል፤ ሰውን ለመያዝ የሚያስችላቸው ሥልጣን ግን የተሰጣቸው ከመንግሥት ነው፤ የያዙትንም ሰው የሚፈርድበት ዳኛ እንጂ ማኅበሩ አይደለም።

የማኅበር ጥቅም በሌባ ላይ ብቻ አልታየም፤ በበሽታም ላይ ታይቷል። ከቴክሳስ የሚነዳው ከብት ራሱ ጤነኛ መስሎ ሲያልፍ በመንገዱ ያለውን የሰሜን ከብት ትኵሳት ይፈጅ ስለ ነበረ፥ የካንሳስና የሚዙሪ ገበሬዎች መንገዱን በጠመንጃ እስከ መዝጋት ደርሰው ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው መዥገር መሆኗን ቴዎባልድ ስሚዝና ኪልቦርን የተባሉት ሊቃውንት በ1893 በታተመ ጽሑፍ አስረዱ። ከዚያ በኋላ በ1906 በተጀመረ ዘመቻ ከብቱ ሁሉ በመድኃኒት ገንዳ እየተነከረ፥ በሜክሲኮ ድንበር ካለው የጥበቃ ቀበቶ በቀር፥ መዥገሪቱ በ1943 ከአገሩ ጠፋች። በዚህ መካከል ጥቅሙ ያልተነገራቸው ወይም ወጪው የከበዳቸው አንዳንድ የደቡብ ገበሬዎች ገንዳዎቹን በድማሚት እስከ ማፍረስ ደርሰው ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ በጎ ትእዛዝ እንኳ ቢሆን ባለ ከብቱ ሳይመክርበት ከላይ የወረደ እንደ ሆነ እንደ ጠላት ሥራ መታየቱ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይበልጣል። በቍስል ላይና በተወለደ ጥጃ እትብት ላይ እንቍላሏን የምትጥል፥ ትሏም ሕያው ሥጋ የሚበላ አንዲት ዝንብ አለች። ኤድዋርድ ኒፕሊንግና ሬይመንድ ቡሽላንድ የተባሉት ሊቃውንት እንስቲቱ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትገናኝ ተመልክተው፥ ወንዶቹ ዝንቦች በጨረር መካን ተደርገው በብዛት ቢለቀቁ ዘሩ ይጠፋል ብለው አሰቡ፤ በ1954 በኩራሳዎ ደሴት ተፈትኖም እውነት ሆኖ ተገኘ። በ1962 በቴክሳስ የዝንብ ማምረቻ ሲቋቋም የደቡብ ምዕራብ ባለ ከብቶች መንግሥት ብቻውን ይክፈል ሳይሉ ከከብታቸው ቍጥር እየተመኑ ገንዘብ አዋጡ። በ1972 በሽታው አገርሽቶ ከ90,000 በላይ ከብት ቢለከፍም ሥራው አልተተወም፤ ከ1982 በኋላም በአሜሪካ በሽታው በተለመደው ስፍራው ሊቀመጥ አልቻለም። ዳሩ ግን የተባረረ ጠላት የሞተ ጠላት አይደለምና፥ ዝንቢቱ ከፓናማ ወዲህ ተሻግራ በ2024 ኖቬምበር በሜክሲኮ ተገኘች፤ የአሜሪካም መንግሥት ድንበሩን ለሜክሲኮ ከብት ዘጋ። በ2025ም በዚያው በቴክሳስ ድንበር አዲስ የዝንብ ማምረቻ እንደሚሠራ አስታወቀ።

የዓመት ጉባኤ ጥቅሙ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ያደርጋል። በዚያም ነጋዴው የእርሻ መሣሪያውን ያሳያል፤ ሊቃውንት ስለ ግጦሽ፥ ስለ በሽታና ስለ ውሃ ያስተምራሉ፤ ግብርም ይደረጋል። ላይ ላዩን ለሚመለከት ሰው በዓል ይመስለዋል። ነገር ግን የጉባኤው ልብ ይህ አይደለም። የጉባኤው ልብ፥ የየክፍሉ ኮሚቴ ያዘጋጀው የውሳኔ ሐሳብ በአባሎች ፊት ቀርቦ ተከራክረውበት በድምፅ የሚጸድቅበት፥ አለቆቹም የሚመረጡበት ሰዓት ነው። ለምሳሌ ድንበሩ ሲዘጋ ላሞች የሚያረባው ሰው መንጋው ስለሚጠበቅለት ይጠቀማል፤ ከሜክሲኮ በዓመት ይገባ የነበረውን አንድ ሚሊዮን ያህል ጥጃ ገዝቶ የሚያደልበው ሰው ግን ይጐዳል። ሁለቱም ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ጥቅማቸው ግን አንድ አይደለም። እንዲህ ያለውን ልዩነት በሹክሹክታ ከመፍታት በጉባኤ መፍታት ይሻላል፤ በሸንጎ የተሸነፈ ሰው ምክንያቱን ሰምቶ ይሄዳልና።

ማኅበር ሁሉ ግን ለበጎ ብቻ የቆመ አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ነገር ግን ድሩ አንበሳውን ትቶ ጥጃ ያሰረበት ጊዜም ስለ ነበረ የዋዮሚንግን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። በዚያ ግዛት ታላላቆቹ ባለ ከብቶች ያቆሙት ማኅበር ነበረ። በ1884 የወጣው ሕግ በመንግሥት ምድር የሚደረገውን የከብት ስብሰባ በማኅበሩ እጅ አደረገው፤ ምልክት ሳይኖረው የተገኘ ጥጃም ተሸጦ ገንዘቡ ለማኅበሩ ተቈጣጣሪዎች ደመወዝ እንዲሆን አዘዘ። ስለዚህ ከሳሹም፥ ጠባቂውም፥ ከተያዘው ከብት ተጠቃሚውም አንድ ወገን ሆነ። ከ1886 እስከ 1887 በነበረው ብርቱ ክረምት ብዙ ከብት አለቀ፤ ሀብታሞቹም ከብርዱና ከሣሩ ማለቅ ይልቅ በትንንሾቹ ባለ ከብቶች ላይ አመካኙ።

በ1892 አፕሪል ከማኅበሩ ታላላቅ ሰዎች አንዳንዶቹ፥ ከቴክሳስ ጭምር ተኳሾችን ቀጥረው፥ 50 ያህል ሆነው የሚገደሉ ሰዎችን ስም ጽፈው ወደ ጆንሰን አውራጃ ዘመቱ። ኔት ቻምፒዮንና ኒክ ሬይ የተባሉትን ሁለት ሰዎች በአንዲት ጎጆ ከበው ገደሉ። ቻምፒዮን ተከቦ ሳለ የሚደርስበትን ሁሉ በትንሽ ደብተር ሲጽፍ ውሎ፥ ጎጆይቱ ስትቃጠል ወጥቶ ሞተ። ወሬው እንደ ተሰማ የአውራጃው ሕዝብ ታጥቆ ዘማቾቹን በተራው ከበባቸው፤ ከሞት ያወጣቸውም በፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን ትእዛዝ የደረሰው የመንግሥት ፈረሰኛ ጦር ነው። ነገሩ ወደ ፍርድ ሲመጣ አውራጃው ወጪውን መቻል አቅቶት በ1893 ክሱ ተሰረዘ፤ የተፈረደበትም ሰው አልነበረም። በደም የተሞላውን ይህን ሥራ የሠሩት ሽፍቶች አልነበሩም፤ የተማሩ፥ የተከበሩ፥ በጉባኤ የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ ሁለቱን ማኅበሮች ያለያያቸው ምንድር ነው? የቴክሳስ ሰዎች ከዋዮሚንግ ሰዎች ይልቅ ጻድቃን ስለ ሆኑ አይደለም። በቴክሳስም ቢሆን በ1883 ታላላቆቹ ሜዳውን በእሾሃም ሽቦ ባጠሩ ጊዜ ደኾቹ ሽቦውን በሌሊት እየቈረጡ ደም ፈሷል። ልዩነቱን ያመጣው ልጓሙ ነው። ተቈጣጣሪ ከሚይዘው ከብት ራሱ የሚጠቀም ከሆነ ዐይኑ ይጋረዳል፤ ሥልጣኑን ከሕግ የተቀበለና ለዳኛ መልስ የሚሰጥ ከሆነ ግን ይፈራል፥ ይጠነቀቃልም። ባለ አምስት ላሙ በጉባኤው ድምፅ ካለው ማኅበሩ የሁሉ ነው፤ ድምፅ ከሌለው ግን የጥቂቶች ጦር ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። 70 ሚሊዮን ያህል የቀንድ ከብት ያላት፥ በአፍሪካም በከብት ብዛት ቀዳሚ የሆነች አገር ናት። ከ1888 ጀምሮ የደስታ በሽታ ገብቶ የበሬውን ዘር ባጠፋው ጊዜ ማረሻው ቆሞ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ እንደ መጣ ታሪክ ያስታውሳል። ያ በሽታ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ተነገረ፤ በኢትዮጵያ ግን የመጨረሻው መሸሸጊያው ከነበሩት አንዱ የአፋር ምድር ነበር። በ1990ዎቹ ሙቀት የሚችለውን ክትባት በእግራቸው ይዘው መንጋው ካለበት ድረስ እየሄዱ የከተቡት ከዚያው ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። መኪና ያልደረሰበት ስፍራ የባለ ከብቱ ልጅ ደረሰ። እንዲሁም በቴክሳስ ዝንብን ያጠፋው የመካን ዝንብ ዘዴ የገንዲን በሽታ በምታስተላልፈው በቆላ ዝንብ ላይ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ተሞክሯል፤ ለዚሁም በቃሊቲ የዝንብ ማርቢያ ተቋም ቆሟል።

የጉባኤም ነገር ቢሆን ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የቦረና ሕዝብ በየ8 ዓመቱ ጉሚ ጋዮ በተባለው ታላቅ ጉባኤው ተሰብስቦ ስለ ውሃ፥ ስለ ግጦሽና ስለ ከብት ሕጉን ያሰማል፥ ያሻሽላል፥ በደል የሠራውንም ይወቅሳል። ጥልቅ በሆኑት ኤላዎቹ ዘንድም መንጋ በተራው እንጂ በጕልበት አይጠጣም፤ ተራውን የሚጠብቅ ሹም አለው። ይህ ጉባኤ የሚቆምበት የገዳ ሥርዐት በ2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ስለዚህ ሦስት ወገኖች ሊያስቡበት ይገባል። ባለ ሥልጣኖች የባለ ከብቶችን ማኅበር እንደ ተቀናቃኝ አይተው እንዳይፈሩት፥ የመንግሥትንም ሥልጣን ያለ ተጠያቂነት አሳልፈው እንዳይሰጡት፤ ምልክቱን በመዝገብ፥ ገበያውን በጥበቃ፥ ክርክሩን በዳኛ ቢያጸኑለት ለራሳቸው ሥራ ረዳት ያገኛሉ። ካህናትም ጠበኞችን ማስታረቅ የቈየ ሥራቸው ነውና፥ ግጦሽና ውሃ ሰውን ከሰው ሳያጋድሉ በፊት እርቁን በደም ዋጋ ከመጀመር በሣርና በውሃ ተራ ቢጀምሩት ይበልጣል። ባለ ከብቶችም የማኅበራቸውን ሒሳብ ሳይመረምሩ፥ ያልተስማሙበትንም ሳይናገሩ ከጉባኤ ወጥተው አይሂዱ፤ ዝም ብሎ የሚያጨበጭብ ጉባኤ በኋላ የሚያዝንበትን ነገር ያጸድቃልና።

በካራን ጕድጓድ አፍ ላይ የነበረው ድንጋይ ታላቅ ነበር፤ የእረኞቹም ሥርዐት መንጋው ሁሉ ሲሰበሰብ እንዲያነሡት ነበር። ጥቂቶች ቀድመው ያነሡት እንደ ሆነ ውሃው ለሁሉ አይበቃም። መልካም ማኅበር ማለት ድንጋዩን የሚያነሣ ብርቱ ክንድ ብቻ አይደለም፤ የኋለኛው መንጋ እስኪደርስ የሚታገሥም ክንድ ነው።