ቀንዱን የሰበረው ቀይ ፍጡር

አንባቢዎቼ ሆይ! የጥንት ግሪኮች አማልክት ከቤተ መቅደሳቸው ጋር ፈርሰው ቀሩ ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። በአሜሪካ የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ገና ይደባደባሉ።

ሠዓሊው ማይክ ሚኞላ የፈጠረው ሄልቦይ ቆዳው ቀይ፥ ቀኝ እጁ ድንጋይ፥ ባለ ጅራት ጋኔን ነው። በታሪኩ ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ናዚዎችን ያገለግል የነበረው ራስፑቲን ለዓለም ጥፋት ጠራው፤ ያሳደጉት ግን አንድ ደግ ፕሮፌሰር ናቸውና ሥራው አጋንንትን ማደን ሆነ።

በ1996 በወጣው «ዌክ ዘ ዴቭል» ከሄካቴ ጋር ይገጥማል። ሚኞላ ከወገቧ በታች እባብ አድርጎ ስሏታል። እዚህ ላይ ለሴትዮዋ ጥቂት ልሟገትላት፤ ጥንታዊው ባለ ቅኔ ሄሲዮድ፥ ዜውስ ከሁሉ አብልጦ ያከበራት፥ በምድርም በባሕርም በሰማይም ድርሻ ያላት አምላክ ናት ይላል። የጠንቋዮች እመቤት መባሏ ኋላ የመጣ ነው።

ጡጫው ብዙ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ንግግሯ ነው፦ የተፈጠርከው ለጥፋት ነውና ዕጣህን ተቀበል ትለዋለች። ዘወትር እየሞረደ የሚያሳጥራቸው ቀንዶቹም በዚያች ሰዓት አድገው ይወጣሉ። እርሱ ግን በገዛ እጁ ጨብጦ ቀጭ አድርጎ ይሰብራቸዋል። እኔስ ያን ገጽ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት።