መጀመሪያ ግመሏን እሰር፦ ከሕፃናት ጋር በሩቅ ባሕር ዳር



ልጆችን ይዞ ከከተማ ጫጫታ መራቅ፣ ሰማዩንና ባሕሩን እያሳዩ የፈጣሪን ሥራ እንዲያስተነትኑ ማድረግ መልካም ነገር ነው። ኢስላም ዕረፍትንና ንጹሕ ጨዋታን አይጠላም። ይሁን እንጂ ሩቅ ቦታ ሄዶ መስፈር የራሱ ሥርዓት አለው። በዚህ ወር ለምሳሌ የምንወስደው ምዕራብ አውስትራሊያን ነው። ከአገራችን ሄደው በአውስትራሊያ የሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች አሉና ጉዳዩ ለእኛም ባዕድ አይደለም።

ከፐርዝ ከተማ ተነስቶ ወደ ሰሜን 900 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ካርናርቮን ከምትባል ከተማ ይደርሳል። ከእርሷ በስተሰሜን ባለው የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ "ስቴሽን" የሚባሉ እጅግ ሰፋፊ የከብትና የበግ እርባታ ይዞታዎች አሉ። ኮባና ናራሉ ከእነዚህ መካከል ናቸው። እንግዳ ከፍሎ ድንኳኑን ባሕሩ ዳር ተክሎ ያድራል። ከዳርቻው ጋር ተያይዞም እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኒንጋሉ የባሕር ዛጎል አለት፣ ማለትም ኮራል ሪፍ፣ ወደ ሰሜን ይዘረጋል።

ቦታው ውብ ነው። ግን መንገዱ ጠጠር፣ ከተማው ሩቅ፣ ስልኩም በብዙ ሥፍራ የማይሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የተመሠረተው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ከእንዲህ ያለ ቦታ በሽተኛን በአውሮፕላን ያነሳል። አውሮፕላኑ እስኪደርስ ግን ጊዜ ያስፈልጋል፤ ውኃ ውስጥ የሰጠመ ሕፃን ደግሞ ያ ጊዜ የለውም።

ቀደርን ሽፋን አናድርግ

አንዳንድ ወላጆች "አላህ ይጠብቃቸዋል" ብለው ልጆቹን በባሕሩ ዳር ለቀው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። አደጋ ሲደርስም "የአላህ ውሳኔ ነው" ይላሉ። ሁሉም በአላህ (ሱ.ወ) ውሳኔ መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን አንድ ሰው ግመሉን አስሮ በአላህ ይመካ ወይስ ለቆ ይመካ ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስሮ እንዲመካ ነው ያዘዙት። ለግመል ይህን ያህል ጥንቃቄ ከታዘዘ፣ አላህ አማና አድርጎ ለሰጠን ልጅማ ምን ያህል ይሆን?

ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሕፃን ሲሰጥም ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፤ አይንቦጫረቅም። ድምፅ ሳያሰማ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ጉልበት የማይደርስ ውኃም ይበቃዋል። ስለዚህ "ሲጮኽ እሰማለሁ" የሚለው ሐሳብ ከንቱ ነው። ሕፃኑ ውኃ አጠገብ ባለበት ጊዜ ሁሉ ጠባቂው እጁን ዘርግቶ ሊይዘው በሚችልበት ርቀት ላይ መሆን አለበት። በአየር የሚነፉ መጫወቻዎችም የሕይወት መከላከያ አይደሉም።

በሪፉ ውስጥ ያለው ውኃ ጸጥ ያለ ቢመስልም፣ በአለቱ ክፍተት በኩል ወደ ውቅያኖስ የሚወጣ ብርቱ ወራጅ አለው። ሪፉ በማይከልለው ዓለታማ ዳርቻ ደግሞ ድንገት የሚነሣ ታላቅ ማዕበል ሰው ጠርጎ ይወስዳል። በኮባ አካባቢ መንገድ ዳር ይህ ማዕበል ገዳይ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ትልቅ ምልክት የቆመው በከንቱ አይደለም።

ሶላት ሲደርስ ልጆቹን ማን ያያል?

ይህ ጥያቄ የብዙዎቻችንን ትኩረት አላገኘም። በዚያ ዳርቻ ቂብላው ከምዕራብ ትንሽ ወደ ሰሜን ያዘነበለ ስለሆነ ሰጋጁ ፊቱን ወደ ባሕሩ ያዞራል። ሆኖም በሱጁድ ግንባሩን መሬት ያደረገ ሰው ባሕሩን አያይም። አባትና እናት አብረው ተሰልፈው ሲሰግዱ ትንንሾቹ ያለ ጠባቂ ይቀራሉ።

መፍትሔው ከሸሪዓችን የራቀ አይደለም። በጦርነት ጊዜ በሚሰገደው ሶላተል ኸውፍ ሰጋጆቹ በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ሲሰግድ ሌላው ይጠብቃል። በጠላት ፊት እንኳ ጥበቃው እንዳይጓደል ሆኖ ከተደነገገ፣ በባሕር ፊት ወላጆች በየተራ ቢሰግዱ ምን ያስነውራል? ፉቀሃዎችም የሚሰጥም ሰው ያየ ሰጋጅ ሶላቱን አቋርጦ ማዳን እንዳለበት ተናግረዋል። እንግዲያውስ ልጅ መጠበቅ ከዒባዳ የሚያዘናጋ ሥራ ሳይሆን ራሱ አጅር ያለበት ተግባር ነው።

መንገደኛ ባለ አራት ረከዓውን ሶላት ወደ ሁለት ማሳጠሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን የሚቆይበትን ቀን ይቁጠር። በሻፊዒይ መዝሀብ የገባበትንና የሚወጣበትን ቀን ሳይጨምር አራት ቀን ለመቆየት ያሰበ ሰው ሙሉ ይሰግዳል፤ በሐነፊይ ግን ገደቡ 15 ቀን ነው።

ውኃና ውዱእ

ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ቢያዝ መልካም ነው። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ለአራት ቀን 100 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። መኪና ቢበላሽ ተብሎም ትርፍ ይያዛል።

ለውዱእስ? በባሕር የሚጓዙ ሰዎች የያዙት ውኃ ጥቂት መሆኑን፣ ውዱእ ቢያደርጉበት እንደሚጠሙ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረው በባሕር ውኃ ውዱእ ስለማድረግ ጠይቀዋቸው ነበር። የባሕር ውኃ አጥሪ መሆኑን፣ በውስጡ የሞተውም ሐላል መሆኑን መለሱላቸው። የሚጠጣው ለልጆቹ ይቆይ፤ ውዱእ በባሕሩ ይደረግ። ይሁንና በሌሊት ማንም ብቻውን ወደ ባሕሩ አይውረድ፤ ሳይመሽ በባልዲ ቀድቶ ማስቀመጥ ይቻላል።

እሳትና ምሽት

ቀኑ ሲመሽ ልጆችን እንድንሰበስብ፣ ከመተኛታችንም በፊት እሳት እንድናጠፋ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል። ይህ ሱና በድንኳን ኑሮ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። ብዙ ሰው ፍሙን አሸዋ አልብሶ "አጠፋሁ" ይላል። አሸዋ ግን ሙቀቱን ለብዙ ሰዓት ደብቆ ያቆያል፤ ጠዋት ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሕፃን ይቃጠልበታል። እሳት በውኃ ይጥፋ፤ የባሕሩ ውኃ እዚያው አለ። እሳት በተከለከለበት ወቅትም ክልከላውን ማክበር ግድ ነው።

አሸዋ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈርም ይከልከል፤ ተደርምሶ ይቀብራልና። በእነዚያ ባሕሮች መርዙ ሰው የሚገድል ቀንድ አውጣ ስላለ ልጆች ያማረውን ዛጎል ሁሉ አያንሱ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ የባሕር ኤሊዎች ዳርቻው ላይ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ፤ በመብራት አይረበሹ፤ አይነኩም። ለፍጡር ማዘንን ልጅ የሚማረው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

አንድ ነገር ለአባቶች

ዕረፍቱ ለሁሉም ይሁን። አባት ዓሣ ሲያጠምድ ውሎ እናት ምግብ ስታበስል፣ ዕቃ ስታጥብ፣ ልጅም ስትጠብቅ ከዋለች፣ ድካሟን ከቤት ወደ ባሕር ዳር አዛወረች እንጂ አላረፈችም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ ነበር። የጥበቃው ተራ በሰዓት ይከፈል፤ "አሁን የማየው እኔ ነኝ" ተብሎ በቃል ይነገር። ሁሉም ያያል በተባለበት ቦታ ማንም አያይም።

ከመነሳታችሁም በፊት የምትመለሱበትን ቀን ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ንገሩ። ሕጉንም ለልጆች በቤት ሳሉ አስተምሯቸው፤ በጩኸት ሳይሆን ደጋግሞ በማሳየት።

ወደ ላንጋኖም ሆነ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ልጆቹን ይዞ ለሚወጣ ቤተሰብ ነገሩ ያው ነው። የጉዞውን ዱዓ አድርጉ፤ ግመሏን እሰሩ፤ ከዚያ በአላህ ተመኩ። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አማናውንም ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።