ስለ እንቅልፍና ስለ መጪው ፈተና



የማኅበራችን የሦስት ወር ሒሳብ በተነበበ ዕለት ደረሰኙና መዝገቡ በ40 ብር አልተገናኘም። አንዳንዶቻችሁ ዝም ብላችሁ ተያያችሁ፤ እኛም አየናችሁ። ገንዘቡ ካዝና ውስጥ ነበር፤ የጠፋው የእኛ የጸሐፊዎቹ ልብ ነው። ያንን ገጽ የሞላነው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ ቡና በላይ በላዩ እየጠጣን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው በራሱ ላይ ሙከራ አደረገ። አምስታችንም ለሦስት ሳምንት መቼ እንደተኛን፣ መቼ እንደተነሣን፣ በማግሥቱም ሥራው እንዴት እንደዋለ በደብተር ጻፍን። አንደኛውና ሦስተኛው ሳምንት እንደ ልማዳችን ሆነ። በሁለተኛው ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት መኝታ፣ ቡናም ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ እርም። በየቀኑ ሃያ ደረሰኝ እየደመርን ገንዘብ ያዣችን ያርም ነበር። በልማዳችን ሳምንታት ስሕተት ያልተገኘበት ቀን የለም፤ በሁለተኛው አራት ቀን ንጹሕ ወጣ። አምስት ሰው ሕዝብ አይደለም፣ ይኸን እናውቃለን። የገረመን ሌላ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት፣ ስሕተቱ እንደገና ሲበዛ፣ ደብተራችን ላይ በየቀኑ «ደኅና ነን» ብለን ጽፈን ተገኘን።

ለካ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ የተኙ ሰዎች ትኩረታቸው ከቀን ወደ ቀን ሲወርድ እነሱ ግን የመውረዱ ልክ አልታወቃቸውም። በ1956 ዓ.ም. ገና ሰሞን ደግሞ እዚያው አሜሪካ አንድ የ17 ዓመት ተማሪ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ብሎ 11 ቀን ሳይተኛ ቆየ። በመጨረሻው ቀን ከ100 ላይ 7 እየቀነስህ ቁጠር ቢሉት 65 ላይ ቆመ፤ ለምን ቆምህ ሲባል ምን እንደሚሠራ ረስቶታል።

ይኸን ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና እየደረሰ ነው፤ ልጆቻችን ጫት ይዘው ሌሊቱን ያነጋሉ። የሚገዛላቸው ወላጅም አለ፤ ስም አንጠራም። ጫት አያነቃም አንልም፣ ያነቃል። ነገር ግን ቀን የተጠናው ጭንቅላት ውስጥ የሚረጋው በእንቅልፍ ነው፤ ያ ዕድሜ ደግሞ በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት መተኛት ይፈልጋል።

አንዱን ልጅ በጊዜ ተኛ ብንለው «ታዲያ መቼ ላጥና?» አለን። ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል ይኖራሉ፤ ቤቱ ጸጥ የሚለው ሁሉም ሲተኛ ነው። መልስ አጣን።

ስለዚህ የማኅበሩ አዳራሽ እስከ ፈተናው ድረስ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ለተማሪዎች ይከፈት እንላለን። ይከራይ የምትሉ አላችሁ፤ ኪራዩ የመብራቱን ሒሳብ እንደሚችል እኛም አልጠፋንም። ቢሆንም ለእነዚህ ሳምንታት ይቅር። ድንኳን የምትጥሉም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያውን አጥፉልን።

በጉዳዩ ላይ ድምፅ የሚሰጠው የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የማታ ስብሰባ ቀርቷል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት