ሚዛኑ ስብን አያይም

በኢትዮጵያ ከተሞች መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚመዝኑ ልጆች ለአላፊ አግዳሚው የሚነግሩት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ኪሎ። የተጠራጠረ ሰው ሌላ ሚዛን ላይ ወጥቶ ያረጋግጣል። አሁን አሁን ግን በጂም ቤቶችና በየመኖሪያ ቤቱ የገባው ዲጂታል ሚዛን ከኪሎው አልፎ “ስብ 24.3 በመቶ” ብሎ ያሳያል። ከነጥቧ በኋላ ያለችው ቁጥር ደግሞ ሰውን ታሳምናለች። ችግሩ የሚጀምረው ክብደት የሚቀንሰው ሰው፣ ይባስ ብሎም ቡድን ለመግባት የሚለፋው ታዳጊ፣ ምሳውን በዚህች ቁጥር መቁረጥ ሲጀምር ነው።

ለመሆኑ ሚዛኑ ስቡን በምን አየው? እውነቱን ለመናገር አላየውም። በባዶ እግር ሲቆሙበት የማይሰማ አነስተኛ ኤሌክትሪክ በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ውሃ የበዛበት ጡንቻ ኤሌክትሪኩን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ስብ ግን ያግደዋል። መሣሪያው የሚለካው ይህንኑ እገዳ ነው። የቀረውን ከቁመት፣ ከክብደት፣ ከዕድሜና ከጾታ ተነስቶ በቀመር ይገምታል። ቀመሩ የተሠራባቸው ሰዎች ደግሞ የግድ የወላይታን ወጣት አይመስሉም። በዚያ ላይ ኤሌክትሪኩ ከእግር እግር ስለሚሄድ የሆድን ስብ እምብዛም አያገኘውም።

የውሃው ነገር ከሁሉም ይብሳል። ውሃ የጠማው ሰውነት ኤሌክትሪኩን ስለሚያግድ ሚዛኑ ጥማቱን ስብ ብሎ ይቆጥረዋል። ከልምምድ መልስ ቆዳው ሲሞቅ ደግሞ ቁጥሩ በተቃራኒው ሊወርድ ይችላል። በመስከረም፣ በግፋታ ሰሞን፣ ቁርጡን በዳጣ ያጣጣመ ሰው በማግስቱ የሚያየው ጭማሪም አብዛኛው ገና ያልወጣ ምግብና ውሃ እንጂ በአንድ ሌሊት የተሠራ ስብ አይደለም።

ክብደት በሚቀነስበት ጊዜ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ምግብ ሲቀነስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነት ያከማቸው ግላይኮጅን ይሟጠጣል፤ አንድ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይወጣል። ታዲያ ኪሎው ወርዶ ሳለ ሚዛኑ “ስብህ በመቶኛ ጨመረ” ሊል ይችላል። ሒሳቡንም ማየት ነው። 80 ኪሎ የሚመዝንና 25 በመቶ ስብ ያለው ሰው 20 ኪሎ ስብ ተሸክሟል ማለት ነው። ከዚህ ላይ 3 ኪሎ ንጹህ ስብ ቢያራግፍ መቶኛው ወደ 22 ነው የሚወርደው። የአንድ ወር ድካም የሚያመጣው ለውጥ 3 ነጥብ ከሆነ፣ የቤት ሚዛን በአንድ ሰው ላይ የሚሳሳተውም ያንኑ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የታየው ለውጥ የሰውየው ይሁን የመሣሪያው ማን ይለያል?

በቁጥር መሳሳት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካዊው የባሕር ኃይል ሐኪም አልበርት ቤንኬና ባልደረቦቹ 25 ፕሮፌሽናል የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾችን መርምረው ነበር። በወቅቱ በነበረው የክብደት ሰንጠረዥ 17ቱ ከመጠን በላይ ስለከበዱ ለውትድርና ብቁ አይደሉም ይባሉ ነበር። ሰውነታቸው ውሃ ውስጥ ሲመዘን ግን ክብደቱ በአብዛኛው ጡንቻ ሆኖ ተገኘ።

ከቤት ሚዛን የተሻለ መለኪያ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። ጅማ ላይ ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ የጨቅላ ሕፃናት ስብ በአየር መሣሪያ ሲለካ ቆይቷል። ይህ ግን የምርምር ሥራ ነው። ከሶዶ ወደ ግልገል ጊቤ ሦስት በሚወስደው መስመር ሃላሌ ላይ ታዳጊዎችን የሚያሠራ አሰልጣኝ ልጆቹን በእንዲህ ያለ መሣሪያ ያስለካ የሚል የለም።

ደግሞም አያስፈልገውም። የልብስ ሰፊ ሜትርና የእጅ ሰዓት ይበቁታል። ወገብ በየሁለት ሳምንቱ በእምብርት ትክክል፣ ሜትሩን ሳያጠብቁ ይለካ። ሚዛንም ካለ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሚዛን ላይ ይወጣ፤ የሚታየውም የአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን የአራትና የስድስት ሳምንት አካሄድ ይሁን። ወገብ እየጠበበ የሩጫው ሰዓት ካልወረደ መንገዱ ደህና ነው። ኪሎው እየቀነሰ ልጁ ከዘገየና ከደከመ ግን የጠፋው ስብ ብቻ ላይሆን ይችላልና ምግቡ ይታይ።

ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም ዛማሌክን ከካፍ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ካሰናበተ ወዲህ የድቻን ማሊያ የመልበስ ሕልም ያለው ልጅ በዞኑ ሞልቷል። ያንን ሕልም አሥር ጊዜ ቢወጡበት አሥር ዓይነት ሊናገር በሚችል ሚዛን መዳኘት ግፍ ነው። የጂም ቤት ባለቤቶችም ሆኑ አሰልጣኞች የስብ ቁጥሩን ግምት መሆኑን ሳይነግሩ ለማንም አይስጡ፤ በእሱ ብቻም ምግብ አይከልክሉ፣ ተጫዋችም አይቀንሱ። ተጫዋች የሚመረጠው ሜዳ ላይ ነው።