ማህፀናችን የሚመረመረው ለማስቀረት ብቻ ነው ወይ?

እህቶቼ፣ የልጅ ነገር በመካከላችን በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ ይመጣል። «መጀመሪያ ደሞዛችን በጊዜው ይከፈል፣ ፓስፖርታችን እጃችን ይግባ። የመካንነት ሕክምና የሀብታም ጉዳይ ነው» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዘንድሮ የተከለከልሽውን ደሞዝ ለከርሞ ተከራክረሽ ልታገኚው ትችያለሽ። ያለፈ ዕድሜ ግን ተከራክረሽ አታስመልሺውም። የሴት የመውለድ አቅም ከሠላሳዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቶሎ ቶሎ እንደሚቀንስ ሐኪሞች ይናገራሉ። እኛ አረብ ሀገር የምንጨርሰው ደግሞ ያንኑ ዕድሜ ነው።

እስቲ አሠራሩን እዩት። ከሀገራችን ሳንወጣ የእርግዝና ምርመራ ይደረግልናል፤ ያረገዘች ከተገኘች «አታልፍም» ትባላለች። እዚህ ኢማራት ስንገባም ለመኖሪያ ፈቃዱ እንደገና እንመረመራለን። ማህፀናችንን መመርመር ያውቁበታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የወር አበባዋ ለምን ተዛባ፣ እጢ አለባት ወይ፣ ኢንፌክሽን ይዟት ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ሆዴን አሞኝ ክሊኒክ የሄድኩ ጊዜ አሠሪዬ አብራኝ ገብታ ለሐኪሙ መልስ የምትሰጠው እሷ ነበረች። ባል አለሽ ወይ ተብዬ እንኳ አልተጠየቅኩም።

ሕጉ ከልክሎን ነው እንዳትሉ። የኢማራት የፌዴራል ሕግ ቁጥር 7፣ በፈረንጆች 2019 የወጣው፣ በሕክምና እርዳታ መውለድን ፈቅዶ ሥርዓት ያወጣለት ነው። «የቤት ሠራተኛ ክልክል ነው» የሚል ነገር የለበትም። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ፣ የሐኪም ወረቀት ላላት 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው 15 ቀን ከነደሞዙ ነው። በወረቀት በሩ ክፍት ነው። የሚዘጋብን ሌላ ነገር ነው።

አንደኛ፣ ጊዜ። የዓለም ጤና ድርጅት መካንነት የሚለው ባልና ሚስት ለ12 ወር ያለ መከላከያ እየተገናኙ እርግዝና ካልመጣ ነው። አሠሪ የደርሶ መልስ ትኬት የሚቆርጠው በየሁለት ዓመቱ ነው። ትኬቷን ጠብቃ አንድ ወር ባሏ ጋ የምትሄድ ሴት 12 ወር ለመሙላት 24 ዓመት ያስፈልጋታል! ይሄን ሒሳብ ማንም ሳይሠራ አማት «መካን ናት» ትላለች፣ ሰፈሩ ይቀበላል፣ ባልየው ሌላ ያገባል። ባል ይመረመር የሚልም የለም። ልጅ ካጡ ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ላይ ችግሩ ወንዱንም እንደሚነካ ሐኪሞች ያውቃሉ።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ። ዱባይ ላይ አሠሪ ለሠራተኛው የጤና ኢንሹራንስ የመግባት ግዴታ አለበት። መሠረታዊው ኢንሹራንስ ግን የመካንነት ሕክምናን ከሽፋኑ አውጥቶታል። በላብራቶሪ ጽንስ ለመፍጠር አንዱ ሙከራ ብቻ የዓመት ደሞዛችንን ሊበላ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ወረቀት። ክሊኒክ የተረጋገጠ የጋብቻ ሰርተፊኬት ይጠይቃል። ብዙዎቻችን ያገባነው በሽማግሌ ወይም በኒካህ ነው። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ይሄንን ጋብቻ ያውቀዋል፤ ግን ቀበሌ ሄደን ስላላስመዘገብነው እዚህ እንዳላገባን እንቆጠራለን።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ይሰጠናል?» የምትሉ አላችሁ። ውዱን ሕክምና ነገ በነፃ ስጡን አላልኩም። የምለው ከታች እንጀምር ነው። ብዙ ሴት ልጅ የምታጣው በጊዜው ባልታከመ ኢንፌክሽን የማህፀን ቱቦዋ ተደፍኖ ነው። ያ በሽታ ሲጀምር በጥቂት ቀን መድኃኒት ይድን ነበር። ማህፀን የሕመም ፈቃድ የማይገባው አካል ነው ወይ? እጅሽ ቢሰበር ያሳክሙሻል፣ ሥራ ይቆማላ!

«ልጅ የሚሰጠው ፈጣሪ ነው» የሚለውንም አከብራለሁ። ትኩሳትንም የሚያድነው እሱ ነው፣ እኛ ግን መድኃኒት እንውጣለን። የግብፅ ሙፍቲ በ1980 በባልና ሚስት መካከል ብቻ እስከሆነ ድረስ ይሄ ሕክምና እንደሚፈቀድ ፈትዋ ሰጥተዋል። ክርስቲያን የሆንን ከንስሐ አባታችን ጋር እንነጋገር። ሃይማኖትን ጠቅሶ ሴትን ሳትመረመር ማስቀመጥ ግን ትክክል አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ በመካከላችን ይስተካከል። ወደዚህ ሲመጡ የሦስት ወር መርፌ የተወጉ ልጆች «መርፌው አመከነኝ» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። መርፌው ካቆሙት በኋላ እርግዝናን ለወራት ሊያዘገይ ይችላል እንጂ አያመክንም። ይሄንን ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።

ስለዚህ ማኅበራችን ከደሞዝና ከፓስፖርት ጥያቄ ጎን እነዚህን አራት ነገሮች ይያዝ እላለሁ።

1ኛ. የማህፀን ሕመም እንደማንኛውም ሕመም የሕመም ፈቃድ ያሰጥ፤ ሠራተኛዋም ሐኪም ፊት ብቻዋን ትግባ።

2ኛ. ኢንሹራንሱ ቢያንስ የመካንነትን ምክንያት የሚፈልገውን ምርመራ፣ የኢንፌክሽንና የእጢ ሕክምናን ይሸፍን።

3ኛ. ቆንስላችን የጋብቻ ሰነድ ለማረጋገጥ ለሚመጡ ሠራተኞች በእረፍት ቀናቸው ያስተናግድ።

4ኛ. አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ የመንግሥት ሆስፒታል ሆኖ፣ ይሄን ሕክምና ይሰጣል። በሕክምናው መሃል ያለች ሴት ፈቃዷ እንዲራዘምላትና ሥራዋ እንዲጠበቅላት በኮንትራት ይጻፍ።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። ለፈቃድ ሀገር የምትገቡ ያገባችሁ፣ ባላችሁን ይዛችሁ ወሳኝ ኩነት ሂዱና ጋብቻችሁን አስመዝግቡ፤ ሰርተፊኬቱንም ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጡት። ባላችሁም አብሮ ይመርመር። የሰው ልጅ አዝለን አሳድገናል፣ አጥበናል፣ አብልተናል፣ ሌሊት ተነስተን አባብለናል። የራሳችንን እንውለድ ስንል ቅንጦት ነው የሚለን ሰው ካለ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቶ ፊት ለፊት ይንገረን።